ባና የለበሰችው ቀይ መኪና

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ደወለልኝ። አሮጌ ባለ ሁለት በር የሩጫ መኪና ገዝቶ አፉን የፈታባት ይመስል ስለሷ ብቻ ያወራል። «ጋሼ፣ ቴርሞስታቱን ልቀይረው ወይስ ይቅር? ቀደም ብሎ የሚከፍት አዲስ ዓይነት አለ ይሉኛል» አለኝ። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግዶ የሚያቆይ፣ ሲሞቅ ደግሞ ወደ ራዲያተሩ የሚለቅ፣ እንቁላል የማያህል ትንሽ በር ነው። ልጁ መልስ ይጠብቃል። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሐሳቤ ወደ ጎረምሳነቴ ነጎደ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አዲስ አበባ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ኖሬ፣ መሪ ለምጄ ወደ አገሬ መንዝ፣ ወደ ዘመሮ የተመለስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቆጠርኩት ፀጉሬ መሸበት ሲጀምር ነው። ስለ መንጃ ፈቃድ አትጠይቁኝ። ከአባቴ የወረስኳቸውን በጎች ሸጥኩና አንዲት አሮጌ ቀይ የሩጫ መኪና ይዤ መጣሁ፤ ለሙሽራ ላከራያት ብዬ። ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ሹል፣ ቁርጥ የጓሳን ቀይ ቀበሮ። የዘመሮ ሰው «በጎቹን ቀበሮ በላበት» እያለ ሳቀብኝ። ሰው መሳቅ አይከብደውም።

የመጀመሪያው ሙሽራ እኔው ልሆን ነበር። ዘነበች የመርሐቤቴ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ከጀማ በረሃ ማዶ፣ ዳገቱን ከወጡ በኋላ ነው። ሽማግሌ ልኬ ተፈቀደልኝ። አባቷ አቶ ወንዳፍራሽ ግን አንድ ነገር አስረግጠው ነገሩኝ፦ «በቅበላ እሑድ ና። ሰኞ ጾም ይገባል። እስከ ፋሲካ የሚቆይ ድግስም፣ የሚቆይ ጠያቂም የለኝም።» ሌላ ሰው እንደጠየቃት ያን ጊዜ ገባኝ።

ሰርጉ ሲቃረብ መኪናዋ ውሃ ማፍላት ጀመረች። የመሐል ሜዳው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቴርሞስታቱን ነቅሎ አሳየኝ። ዝጎ ደርቋል።

«ይሄ ቡሽ ነው» አለ። «መኪናህ ጠርሙስ ናት እንዴ? ወዲያ ጣለው።»

ሚዜዬ ተሾመ አልተዋጠለትም። «ከመንዝ ብርድ ተነስተን ጀማ በረሃ ልንገባ ነው። ሁለቱንም የሚያስችላት ነገር ያስፈልጋታል። አዲሱን እናስመጣ።»

«አስመጡ» አለ መካኒኩ። «ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቅበላ ያልፋል። ስንቱን ነቅዬ ጣልኩ፤ አንድም ከሳሽ አልመጣብኝም።»

ቅበላ ያልፋል ያላት ቃል ጨረሰችኝ። ጣለው አልኩ።

እሑድ ማለዳ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነጥቷል። ሞተሩ ይነሳል፣ ያስላል፣ ይጠፋል። ውሃው ገና ሳይሞቅ ወደ ራዲያተሩ እየሮጠ ይቀዘቅዛል፤ የሚያግደው በር የለማ! እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ፣ እሷ አትሞቅም። በአባቴ ቦታ የቆሙት አጎቴ ጋሽ ማሞ ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

«በርዷት ነው። አልብሷት።»

በመንዝ የበረደው ሁሉ መድኃኒቱ ባና፣ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። እናቴ ለሰርጌ ያሠራችውን ጥቁር ባና አመጣችና የመኪናዋ አፍንጫ ላይ፣ ራዲያተሩ ፊት አጥብቃ አሰረችው። እውነትም ሞተሩ ሞቀ። እልል ተባለ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ይህን ቋጠሮ ሙሽሪት በእጇ ትፍታው» ብለው መረቁ፤ አሜን አልን። ጥፋቴ የመጣው በዚያ አሜን ነው።

እኔ፣ ተሾመ፣ ጋሽ ማሞና አንድ ሌላ ሚዜ፣ አራት ሆነን ተጣበን ወረድን። የጠጠሩ መንገድ ሆዷን እየቧጨራት፣ በሶ በጥብጠን እየጠጣን፣ ተሾመ እየዘፈነ። ወደ ጀማ ስንቀርብ አየሩ ምድጃ ሆነ። የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋ። አቆምኩና ወረድኩ።

«ባናውን ልፍታው።»

«እጅህን ሰብስብ!» አሉ ጋሽ ማሞ። «ምርቃት በመንገድ አይፈታም። ሚስት ፈልገህ እርግማን ይዘህ ልትገባ ነው?»

«ጋሼ፣ እሷ'ኮ መታፈኗ ነው!» አለ ተሾመ።

«አንተ ዝም በል። ሚዜ ይዘፍናል እንጂ አይመክርም።»

ተመልሰን መኪናዋ ውስጥ ገባን። የጀማን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ፈነዳ። የካቲት ነው፤ ዳገቱ ላይ ጠብታ ውሃ የለም። የያዝነውን የሰርግ ጠላ ጨመርንባት። አረፋ ደፍቃ፣ የገብስ ሽታ ሸተተችና ቀጥ አለች። የቴስታታው ጋርኒሲዮን፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል። ያኔ ባናውን በጩቤ ቀደድኩት። ጋሽ ማሞ ፊታቸውን አዙረው አማተቡ።

በእግራችን ሄድን። በዚያ መንገድ በእሑድ ምን መኪና ያልፋል? እንዲህ ዓይነት መንገድ ሄጄ አላውቅም፤ ፀሐይዋ ስትወርድ በእጄ ልይዛት የምሮጥ እብድ ሆኜ ነበር።

ስንደርስ ሰኞ ረፋድ ነበር። ዳሱ ስር ሴቶች የሥጋ ድስት በአመድ እያሹ ያጥባሉ። አቶ ወንዳፍራሽ ከደጃፉ ሳይነሱ አዩኝ።

«እስኪመሽ ጠበቅንህ። ሥጋው ለጾም አይቆይ፣ እድምተኛው አይበተን፣ ልጄ መሳቂያ አትሁን። ቀድሞ የጠየቃት ሰው እዚሁ ነበር። ሰጠሁ።» ከዚያ፣ «ምን ይዞህ ቀረህ?» አሉኝ።

«በርዷት ነው» አልኩ።

ድስት የሚያጥቡት ሴቶች ሳቁ። በዚያ ሙቀት!

ዘነበች አለቀሰች አሉኝ። አላለቀሰችም አሉኝ። ሁለቱንም የነገረኝ አንድ ሰው ነው፤ የትኛው እንደሚሻለኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በኋላ ሌላ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሰው የሚኖረውን ኖርኩ። ስለዚያች መኪና መካኒኩም፣ ተሾመም፣ ጋሽ ማሞም መከሩ፤ ከማዶ ቁጭ ብላ የሞተር ድምፅ ስታዳምጥ የዋለችውን ግን ማንም አላሰባት። እኔም ያሰብኳት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ አሉ?» አለ ልጁ።

«አለሁ። አዲሱን ግጠምላት። ነቅለህ ጣለው የሚልህን አትስማ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ስለ መኪናዋ እርግጠኛ ነኝ» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት።