ያነጣሁት ዓይን

ባለቤቴ ቡታጅራ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። እሱ ያነሳል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ፊት አጸዳለሁ። ፊልም ቀርቶ ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ አዲስ አበባ ሄጄ ሦስት ሳምንት የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ብጉር ማጥፋት፣ ማድያት ማደብዘዝ፣ ቆዳ ማለስለስ። ደንበኛው ሁሉ ቀላ ማለት ይፈልጋል። አንዲት የእንሴኖ በርበሬ ነጋዴ ከኋላዬ ቆማ፣ «ቅላቱን ጨምሪልኝ፤ ብቻ ባሌ ሌላ ሚስት መጣችልኝ ብሎ እንዳይደሰት» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞልታው ነበር።

መስቀል ሲቃረብ ከየከተማው የሚገባው ሰው ስለሚበዛ ፋታ የለንም። ጠዋት በር ከመክፈታችን በፊት ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ መብራቱን የምሞክረው የእሱን ፊት አንስቼ ነው። በዚያ ዓመት፣ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያነሳሁትን ፎቶ አጉልቼ ሳየው የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። የመብራቱ ጃንጥላ ጨርቅ አርጅቶ ቢጫ ብርሃን ስለሚሰጥ ነው አልኩት። ጨርቁን አውልቆ በበረኪና አጠበና ፀሐይ ላይ አሰጣው። በማግስቱ ደግሜ አነሳሁት፤ ያው ነው። ያን ጊዜ ጃንጥላውን ትቼ ቀና ብዬ ፊቱን ማየት ነበረብኝ። እጄ ግን ለምዷል። ቢጫውን ቀነስኩ፣ ዓይኑን አነጣሁ፣ የጎደጎደ ጉንጩን አለሰለስኩ። ሲያምርልኝ የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ ሰርዤ፣ ይህንንም ዋናውን ሳላስቀር በላዩ ላይ ሴቭ አደረግሁት፤ በትልቁ አሳትሜም መስቃን ገጠር ላሉት እናቱ ለበዓሉ ላክሁላቸው።

በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት ወደቀ። ሐኪሙ ጉበቱ ነው አለ፤ ዓይኑ ቢጫ መሆን የጀመረው መቼ እንደሆነም ጠየቀኝ። ሳምንት ሊሆነው ነው አልኩ። ወር አልፎት ነበር። ባለቤቴ ከአልጋው ላይ አየኝ። ኅዳር ሳይጋመስ ቀበርነው።

አማቴ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ለቅሶ የሚደርሰውን ሁሉ ወደዚያ እያሳዩ፣ «ይኸው፣ ለመስቀል ዓይኑ እንደ ወተት ነጭ ነው። ያልታመመ ልጅ በበዓሉ ምን በልቶ ሞተ?» ይላሉ። ባለቤቴ በበዓሉ ሰሞን ምሳውን የሚበላው ከፎቶ ቤታችን አጠገብ ክትፎ ቤት ካላት ሴት ዘንድ ነበር። ስሟን ማንም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገም። ለአርባው ሠርታ ያመጣችውን ወጥ ሴቶቹ ከፍተው እንኳ አላዩትም። የገና ጾም ተፈቶም ደንበኞቿ አልተመለሱም። አንድ ቀን በራፌ ላይ ቆማ፣ «አንቺም ታምኛለሽ?» አለችኝ። አላምንም አልኳት፤ ከዚያ በላይ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ከበዓሉ በፊት ቢጫውን ዓይን የሚያሳይ ፎቶ የለም። ያኔ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከገና በኋላ በዋለው ቅዳሜ ጋሪ ተሳፍሬ አማቴ ዘንድ ሄድኩ። እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው። ጃንጥላውን፣ በረኪናውን፣ ፎቶውን ምን እንዳደረግሁት ነገርኳቸው። ለሐኪሙ የዋሸሁትንም። እየነገርኳቸው መፋቃቸውን አላቆሙም።

«ቢጫ እንደነበር አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ እማማ።»

«አይተሽ አጠፋሽው?»

«አጠፋሁት።»

እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን ለበሱ፤ በመጣሁበት ጋሪ ወደ ከተማ ተመለስን። ክትፎ ቤቱ ደርሰን በሩ አጠገብ፣ ከአስፋልቱ በሚታየው ጠረጴዛ ተቀመጡና ሁለት ክትፎ አዘዙ። ሴትየዋ ባለችበት ቆማ ቀረች።

«አምጪልኝ እንጂ፣ ልጄ» አሏት። «ርቦኛል። ስለ ልጄ ሞት በአንቺ ላይ የተናገርኩት ሐሰት ነው፤ ይቅር በይኝ።»

አላፊ አግዳሚው ሳሕናቸው ባዶ እስኪሆን ሲበሉ አያቸው። እኔ ቆጮውን ቆርሼ ያዝኩ እንጂ አልጎረስኩም። «ብዪ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። በላሁ።

የክትፎ ቤቷ ሥራ ቀስ በቀስ ተመለሰ። አማቴም ዛሬም ስሄድ ወንበር ይስቡልኛል፣ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። በጊዜ ብትነግሪን ይድን ነበር ወይ ብለው ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። መልሱን እኔም አላውቀውም። ቤታቸው ብዙ መቀመጥ የማልችለው፣ አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ ስለምፈራ ነው።