የሁለት ሴንቲ ሜትር ሸኚዎች

ከጎንደር የወጣሁ ዕለት፣ አባቴ ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ውዱእ ሲያደርግ እኔ ጫማዬን አድርጌ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቼ ነበር። ውኃው ድንጋዩ ላይ ሲፈስ እየሰማሁ፣ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ። በሩን ዘግቶ ወደ መስጊድ ሲሄድ ተነሥቼ ወጣሁ፤ በቃ።

ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ የሚገባው አባቴን የሚያውቅ ሰው ነው። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ልብስ ሰፊ ነው። ሱዳን የሚሄደውም፣ ዓረብ አገር የምትሄደውም፣ ለትምህርት አዲስ አበባ የሚወርደውም ሳይመረቅ አይሄድም፤ ሱቃችን ደጃፍ ጎንበስ ይላል፣ አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ እጁን ይዘረጋል፣ «አላህ በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስህ» ይላል። የስንቱን ልጅ ዱዓ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እየተከልኩ «አሚን» አልኩ! የራሴን ግን ሳልቀበል ሄድኩ። ብነግረው እንደማይለቀኝ አውቅ ነበራ። ገበያው ሞቷል፣ መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ ይዘጋል፣ እሱ ግን የስፌት መኪናውን ሊያወርሰኝ ነበር የሚያስበው።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። መተማን፣ ካርቱምን፣ በረሃውንና ባሕሩን የሄደበት ያውቀዋል፤ ያልሄደበት ደግሞ እንዳያውቀው እመኛለሁ። ከካርቱም ስደውል ስልኩን ያነሣችው እናቴ ነበረች።

«ፍራሽህን ባዶ ሲያገኘው» አለችኝ፣ «የስፌት መኪናውን ሸፈነና ሦስት ቀን ሱቅ አልከፈተም።»

«አቅርቢልኝ እማ፣ አፉ እንዲለኝ ልለምነው።»

«ምነው ልጄ፣ እምቢ ካለ እኔ ምን ላድርገው?»

ይኸው ስምንት ዓመት ሆነ። ኔትወርክ ባለ ጊዜ ዓርብ ዓርብ እደውላለሁ። እናቴ ታወራኛለች፣ እህቴ ዘሀራ ታወራኛለች፣ አባቴ ከወዲያ ጥግ ሲያስል እሰማለሁ። የሳሉን ነገር ከሐኪሙ እኩል አውቀዋለሁ፤ ድምፁን ግን ረሳሁት ብዬ እፈራለሁ።

አሁን ያለሁት ሰሜን ጀርመን፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ብርድ ነው እንዳልል ብርድስ ደባርቅም አለ። የደባርቁ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይለቅሃል፤ የዚህኛው ፀሐይም እያለች አይለቅም። ወረቀት ያገኘሁ ቀን የውጭ ዜጎች ቢሮ ያለችው ሴትዮ ሰማያዊ የስደተኛ የጉዞ ደብተር ሰጠችኝ።

«እንኳን ደስ አለህ! በዚህ ወደፈለግክበት አገር መሄድ ትችላለህ።»

«ጎንደርስ?»

«ጎንደር የት ነው?»

«ኢትዮጵያ።»

ደብተሩን ገልጣ በጣቷ አሳየችኝ። «ከኢትዮጵያ በስተቀር ይላል።»

«እኔ እኮ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም መሄድ አላማረኝም።»

«እሱ በእኛ ክፍል አይታይም» አለችና ቀጣዩን ቁጥር ጠራች።

ቤት ያከራየችኝ ፍራው ሄልጋ፣ ወይዘሮ ሄልጋ እንደማለት ነው፣ የምትባል መበለት ናት። ክፉ አይደለችም፤ አፍንጫዋ ነው ክፉ። አንድ ቅዳሜ ቁሌት ሳቁላላ በሩን ደበደበችው።

«ምን እየተቃጠለ ነው?»

«ምንም። ሽንኩርት ነው።»

«ሽንኩርት ከጠዋት ጀምሮ?»

«ገና አልበሰለም።»

ወጡ እስኪደርስ ብትጠብቅ ምሳ እንደሚደርሳት ነገርኳት። አልጠበቀችም። ይልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወጥ ቤት የሚያስወጣኝ ዘዴ አገኘች፤ ወንድሟ ዲተር ጋ ላከችኝ። ዲተር ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው። እሱና አምስት ሽማግሌዎች ፌራይን አላቸው፤ ፌራይን ማለት እኛ ማኅበር የምንለው ነው፣ ያለ ጠላና ያለ ዳቦ። የከተማዋን ትልቁን ባቡር ጣቢያ፣ ሃውፕትባንሆፍ የሚሉትን፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እየሠሩት ነው። ሁሉ ነገር ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሰ ነው። ሰዓቱ ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ጣራው ላይ እርግብ አለ፣ የእርግቧ ኩስ ሳይቀር አለ። ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው።

ለእናቴ ስነግራት «አርባ ሊሞላህ ነው እኮ ኑሩ! ለመጫወቻ ነው እንዴ ባሕር ያቋረጥከው?» አለችኝ። ለጎረቤት እንዳታወራብኝ አስምያት ዘጋሁ።

እኔ ባቡር ካልደረሰበት አገር፣ ከጎንደር ነኝ። ጣቢያ ሲሉኝ የሚታየኝ የጎንደር መናኸሪያ ነው። የመጀመሪያው ቀን ዲተር የስንዴ ፍሬ በሚያክሉ ሻንጣዎች የተሞላች ሣጥን ሰጠኝና «ቦታ ቦታቸው አድርጋቸው» ብሎ ሊገበያይ ወጣ። አደረግኳቸዋ! ባቡሩ ጣራ ላይ ደርድሬ ለጠፍኳቸው፣ እንዳይወድቁ በክር አሰርኳቸው፣ ከሌላ ሣጥን አንድ በግ አግኝቼ እሱንም ከላይ አስተኛሁት። እጄ ከስፌት ጋር ያደገ ስለሆነ ቋጠሮው ያምር ነበር።

ዲተር ተመልሶ ሲያይ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

«ኑሩ! ከላይ ያለው ሽቦ ኤሌክትሪክ ነው! ሁሉም ይቃጠላል!»

«ታዲያ ሻንጣው የት ይጫናል?»

«ውስጥ!»

«ሰውስ የት ይቀመጣል?»

ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አንዱ መነጽሩን እየጠረገ «በጉ ትኬት ቆርጧል?» አለ። እኔም ሳቅሁ፤ ከመጣሁ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻንጣ ነፈጉኝና ሰዎቹን ሰጡኝ። ቀለም እቀባቸዋለሁ፣ ከስስ ወረቀት ካፖርት እቆርጥላቸዋለሁ፣ እየለጠፍኩ አቆማቸዋለሁ። የልብስ ሰፊ ልጅ መሆኔ ለካ እዚህ ሊጠቅመኝ ኖሯል።

ባለፈው ክረምት፣ በረዶ በሚጥልበት በእነሱ ክረምት፣ ዲተር አራተኛው መስመር ጋ ቆሞ መቁጠር ጀመረ።

«ይሄ ሻንጣ የያዘው አንድ ሰው ነው። ዙሪያውን አሥራ አንድ ሰው አለ። ምን ሆኖ ነው? ታሟል?»

«አልታመመም። እየሸኙት ነው።»

«አሥራ አንድ ሰው?»

«ይቺ እናቱ ናት፣ ይቺ እህቱ፣ እነዚህ የሰፈር ሰዎች፣ እነዚያ ሁለቱ ደግሞ ሲያልፉ አይተው የቆሙ ናቸው።»

«ነጭ ኮፍያ ያደረገውስ? ለምን እጁን ዘረጋ? ዝናብ እያየ ነው?»

«እየመረቀው ነው። አባቱ ነው።»

ዲተር ቀና ብሎ አየኝ። «አንተን ስንት ሰው ሸኘህ?»

ማንም አልሸኘኝም አልኩት። ማልቀስ አላሰብኩም ነበር፤ መጣብኝ። ዲተር ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ሰዎቹ ባሉበት ይቆዩ አለ።

ያን ቀን ፎቶ አንሥቼ ለዘሀራ ላክሁላት። ደፍሬ «ለአባባ አሳዪው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ፣ ሁለት ዓርብ አለፈ። በሦስተኛው ስደውል እናቴ ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ «ቆይ፣ እንዳትዘጋ» አለች። ሳሉ መጣ፤ ከወዲያ ጥግ ሳይሆን ከጆሮዬ ሥር።

«ኑሩ።»

«አቤት አባባ!»

«ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ የካፖርቱ ትከሻ ወርዷል። ምነው እንዲህ ሰፋህበት?»

በስምንት ዓመት ከስሜ ሌላ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። «አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

«እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንዲያ ከሆነ ውሸት ነው። መቼ ሸኘሁህ?»

«አፉ ይበሉኝ አባባ።»

ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

«ከዚያ አንሣኝ» አለ።

አልታረቀኝም ማለት ነው ስል፣ እንደገና ሳለና፣

«የሚመጣው ሰው የሚወርድ በየት በኩል ነው?» አለኝ።

«በአንደኛው መስመር።»

«እዚያ አቁመኝ።»

ስልኩን ለእናቴ ሰጣት። «ምን አለህ? ምን አለህ?» ትላለች።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። የካፖርቱን ትከሻ አጠበብኩ፣ በስስ ምላጭ ከአራተኛው አንሥቼ አንደኛው መስመር ዳር አቆምኩት። እጁ እንደተዘረጋ ነው። ባቡሩ በየአራት ደቂቃው መጥቶ ፊቱ ይቆማል። በሮቹ ግን በቀለም የተሣሉ ናቸው፣ አይከፈቱም። ማንም ሳይወርድ ዲተር ባቡሩን ሲያስነሣ፣ እኔ ብሩሽ ላጥብ ብዬ ወደ ቧንቧው እሄዳለሁ።