ያልበሰለው ግንድ

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር ቁም ሳጥን ልናይ ቸርችል ጎዳና ካለ የቤት ዕቃ መደብር ገባን። ሻጩ በሩን እየደባበሰ፣ "እማማ፣ ሙሉ ዋንዛ ነው" አለኝ። ጠርዙን አየሁት። ውስጡ ቺፑድ ነው፤ ላዩ ላይ ብቻ እንደ ወረቀት የሳሳ ዋንዛ ተለጥፎበታል። ቬኒር ነው። ደሜ ፈላና ልጄን እጇን ይዤ ወጣሁ። የተናደድኩት ግን በሻጩ አልነበረም።

በሃያ ሁለት ዓመቴ ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ በነበረ የቬኒር ፋብሪካ እሠራ ነበር። ግንዱ ቅርፊቱ ይነሳና እስኪለሰልስ ድረስ በፈላ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ መላጫ መኪናው ላይ ታስሮ ረጅም ስለት ፊት ሲሽከረከር፣ እንጨቱ እንደ ጣቃ ጨርቅ እየተተረተረ ይወጣል። እኔ እየቆረጥኩ ወደ ማድረቂያው አስገባለሁ። በክረምት የእርጥብ እንጨቱ ሽታ ከሹራቤ አይለቅም ነበር፤ ለምሳ የምገዛው ትኩስ ፓስቲ እንኳ ዋንዛ ዋንዛ ይለኝ ነበር።

መኪናውን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ሙሄ የሚባሉ የወሎ ሰው ነበሩ። አንድ ጠዋት የፋብሪካው ባለቤት መጣና ገና ትናንት ገንዳው ውስጥ የገባውን ግንድ አውጡ አለ። ለሆቴል የታዘዘ ሥራ አስቸኩሎታል።

"ጌታዬ፣ ልቡ አልበሰለም። እስከ ነገ ይቆይ" አሉት ጋሽ ሙሄ።

"የማዝዘው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

ግንዱ ወጣ። ስለቱ ገና ሲነካው እንጨቱ ጮኸ፤ የሚወጣው ሁሉ የተቦጫጨቀ ነበር። ጉጡ ጋ ሲደርስ ስለቱም ተሸረፈ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ "በሠራተኛው ቸልተኝነት" የሚል ወረቀት ይዞ መጣና በምስክርነት እንድፈርም ፊቴ ቆመ።

"ሙሄ ስለቱን አጥብቆ አላሰረውም። አይደል?"

ጋሽ ሙሄ እንዳላፍር ብለው ነው መሰለኝ፣ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ፈረምኩ።

ተባረው፣ ቱታቸውን አጣጥፈው ሲወጡ ድልድዩ ላይ ደረስኩባቸው። "ጋሽ ሙሄ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"እናትሽን የምትጦሪው አንቺ ነሽ፤ ይገባኛል" አሉኝ። "ግን ስነግረው ሰምተሽ ነበር" አሉና ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

በዚያ የፋብሪካ ባለቤት ዛሬም እናደዳለሁ። ግን እሱን ብቻ ስረግም ብዙ ዓመት መኖሬ የባሰ ያበግነኛል፤ ብዕሩን የያዘው የእኔ እጅ ነበርና።

ታክሲ ውስጥ ልጄ፣ "እማዬ፣ ለአንድ ቁም ሳጥን ይሄን ያህል?" አለችኝ። ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገርኳት። አራት ኪሎ ስንደርስ ወደ እኔ ዞረች።

"እና ፈረምሽ?"

"ፈረምኩ" አልኳት።