ሦስት ቀን የበራ መብራት

መብራቱ የበራው ሐሙስ ጠዋት ነው። ከአጠና ተራ አጠና ጭኜ ወደ ቤቴል የሚወስደውን ዳገት ስያያዘው፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው በታች ቢጫ ጽሑፍ ቦግ አለና እዚያው ቀረ። ሥዕል ቢሆን አውቀው ነበር። የዘይት ጣሳውን፣ ባትሪውን፣ የፍሬኑን ክብ ለይቼ አውቃለሁ። ይኼኛው ግን ፊደል ነው፤ የፈረንጅ ፊደል። መጀመሪያ ኤ፣ ከዚያ የተጋደመ ሰረዝ፣ ከዚያ ቲ፣ ከዚያ ሌሎች። አንድ በአንድ ስማቸውን እጠራለሁ። ተሰብስበው የሚሉትን ነው የማላውቀው።

ማንንም አልጠየቅኩም። ሐሙስን ነዳሁ፣ ዓርብን ነዳሁ፣ ቅዳሜን እስከ ረፋድ ነዳሁ። መብራቱ ዳገት ላይ ይበራል፣ ቁልቁለት ላይ ይጠፋል። ሲጠፋ "ተሻለው" እላለሁ፣ እንደ ታመመ ሰው።

ማንበብ የተማርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ በማይገባበት የልጆች ዴስክ ላይ ተቀምጬ። ከዚያ በፊት ዕድሜዬን "ምን ይላል?" ስል ነው የጨረስኩት። አንድ ጊዜ ሆስፒታል በር ላይ የተጻፈውን ዘበኛውን ጠየቅኩት። "እዚህ መሽናት ክልክል ነው ይላል" አለኝ። ሰልፍ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ተመልሼ ሄጄ አየሁት፤ "ካርድ ክፍል" ነው የሚለው። ከእንግዲህ "ምን ይላል?" የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም ብዬ ማልኩ። ስምል የማነበው አማርኛ ብቻ መሆኑን አላሰብኩበትም።

መኪናው የኔ ነው ለማለት ይከብደኛል። ሊብሬው ላይ ያለው የኔ ስም ነው። የተገዛው ግን ባለቤቴ አሥራ ስድስት ዓመት በርበሬና ቅመም የሸጠችበትን የኮልፌ ገበያ መደቧን ለሌላ ሴት በገንዘብ ለቅቃ ነው። መደቡን የወሰደችው ሴት ዛሬም እዚያው ትሸጣለች። ባለቤቴ ለበርበሬ ስትሄድ እንደማንኛውም ሰው ወረፋ ይዛ ከሷ ትገዛለች። አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም። ቢወጣት ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳገቱ መሐል ሞተሩ መጮህ ጀመረ። ነዳጅ ስሰጠው ይጮኻል እንጂ መኪናው አይሄድም። አጠናውን መንገድ ዳር አራግፌ፣ በእግር የሚሄድ እየቀደመኝ ቤት ደረስኩ። ግቢ አስገብቼ ስወርድ ከፊት በኩል ዘይት ጠብ ጠብ ይላል።

"ምን ሆነ?" አለች ባለቤቴ።

"ዘይት ያፈሳል።"

ስለ መብራቱ አልነገርኳትም። ጋራዥም አልወሰድኩትም። ሰው ሲጠይቀኝ ደህናውን ዕቃ ፈተው አሮጌ ይገጥሙልሃል እላለሁ፤ የደረሰበት ስላለ ውሸት አይባልም። እውነተኛው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው፤ ጋራዥ ብዙ ይጠይቃል፤ መቼ ጀመረው፣ ምን አሳየህ ይላል። እሷ ደግሞ መኪናው በተበላሸ ቁጥር አብራኝ ነው የምትሄደው።

የጠራሁት ጎረቤታችንን ሀጂን ነው። ሀጂ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። በግድ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩና አሸተቱት።

"ኩለሩ ነው" አሉ። "የካምቢዮው ዘይት በዚህ በኩል ወጥቶ፣ ራዲያተሩ ፊት ነፋስ መትቶት ይመለሳል። ይቺ ተሰንጥቃለች። ዘይት ሲያጥረው ይሞቃል፤ ሲሞቅ ውስጡ ይቃጠላል። ለመሆኑ መብራት አላሳየህም? ሲሞቅ የሚበራ አለው።"

ባለቤቴ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ሳፋ ይዛ አጠገባችን ቆማለች።

"ዛሬ ጠዋት የበራ መሰለኝ" አልኩ።

"መሰለኝ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ወይ በርቷል ወይ አልበራም።"

"በርቷል። ዛሬ።"

ሀጂ ጣታቸውን መልሰው አሸተቱ። እሷ ጨርቅ ልታመጣ እስክትገባ ጠበቁና፣ "ዘይቱ እንዲህ አይልም" አሉኝ። ያቺ ቃላቸው ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ኩለሩን ፈትቼ፣ በፌስታል ይዤ፣ በታክሲ አሮጌ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሄድኩ። አሮጌውን ከአሮጌ ጋር እያስተያየሁ የቱቦው አፍ የሚመሳሰለውን አገኘሁ። እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን እያለች፣ ከቱቦው የሚንጠባጠበውን ዘይት ሀጂ እንዳሉኝ ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አደረግኩት። ቀይ መሆን የነበረበት ቡና መስሏል። ክርፋቱ እንደ ተቃጠለ ጎማ ነው። መሐሉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነገር አለ። ሶፍቱን ወስጄ ለሀጂ አሳየኋቸው።

"ብናኝ ካለው ውስጡ እያለቀ ነው" አሉ።

"የግቢው አቧራ ቢሆንስ?"

"አቧራ ይሆናል። ካምቢዮም ይሆናል። እኔ ዓይኔ ድሮ ቀረ።"

ሶፍቱን ጨምድጄ ሽንት ቤት ጣልኩት። እሷ ብታየው ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

አሥር ቁጥር ቁልፍ ሁለቴ ከእጄ አመለጠኝ። የጎማ ቱቦውን የሚያንቀውን ፋሼታ ሳጠብቅ፣ ላላ ብዬ ስፈራ አጠብቀዋለሁ፣ ቱቦውን ቆረጠው ብዬ ስፈራ አላላዋለሁ። ሀጂ በርጩማ አስመጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

"ቱቦ ነው የምታስረው ወይስ በሬ?" አሉኝ።

የሃይላንድ አንገት ቆርጬ በሱ አዲሱን ቀይ ዘይት ሞላሁ። አሁን አንድ ሰው ሞተሩን ማስነሳት አለበት፤ እኔ ከፊት ሆኜ የሚያፈስ እንዳለ አያለሁ። ሀጂ መሪው ጋ መውጣት አይችሉም። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ወጥታ ተቀመጠች። በሕይወቷ መሪ ይዛ አታውቅም።

"ቁልፉን ወደ ፊት አዙሪው። ሲነሳ ልቀቂው።"

"ተነስቶ ቢሄድብኝስ?"

"ማርሹ ፒ ላይ ነው፤ አይሄድም።"

"ቢሄድም አትጨነቂ" አሉ ሀጂ፣ "ፊቱ የቆመው እሱ ነው።"

እሷ ሳቀች። እኔ ሁለቱን ቱቦዎች እንደያዝኩ ነኝ። ቁልፉን ግማሽ ድረስ አዞረችውና ቆመች። በዚያን ጊዜ መብራቱ ሁሉ አንድ ላይ ይበራል፤ አውቃለሁ።

"ሀጂ፣ ያሉት መብራት ይሄ ነው? ኤቲ ኦይል ቴምፕ የሚለው?"

አነበበችው። ሽንኩርት ስንት ነው እንደማለት ነው ያለችው። ሦስት ቀን ያንገበገበኝን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

"እሱ ነው" አሉ ሀጂ።

"ኦይል እኮ ዘይት ነው። ይሄማ ግልጽ ነው።"

እሷ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ማታ ትምህርት ስጀምር "እኔ ላስጠናህ" ብላኝ ነበር። ሚስቴ አስተማሪዬ አትሆንም ብዬ መለስኩላት። ለኔ ያኔ ክብር መስሎኝ ነው። አሁን ሞተሩ ተነሳ፣ ቱቦዎቹ እጄ ውስጥ መሞቅ ጀመሩ፣ አንድ ጠብታ አልወጣም፤ እኔ ግን ደስታው አልመጣልኝም።

ማርሹን ቀስ እያልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው አዘዋወርኩት፣ ዘይቱን ለካሁ፣ ጨመርኩ፣ እንደገና ለካሁ። ሀጂ ተነሱና ኮፈኑን መታ መታ አደረጉት።

"በል ዳገቱን ውጣው። ካምቢዮ ሜዳ ላይ አይታወቅም።"

ብቻዬን መሄድ ነበር የፈለግኩት። እሷ ቀድማኝ ገብታ ተቀምጣለች።

መኪናው ማርሹን በራሱ ነው የሚቀይረው፤ አንደኛው ደህና ገባ። ሁለተኛውም ገባ። ዳገቱ ሲጀምር፣ ሦስተኛው መግባት ባለበት ቦታ ሞተሩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ መኪናው ከኋላ እንደ ተገጨ ሁሉ ነጥሮ ያዘ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች።

ዘይቱ ገና አልተዳረሰም ልላት አፌን ከፈትኩ።

"መብራቱ የበራው ሐሙስ ነው" አልኩ።

"የቱ ሐሙስ?"

"የሰሞኑ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ።"

"ታዲያ ሦስት ቀን ምን መስሎህ ነው የነዳኸው?"

"ማንበብ አልቻልኩም።"

ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን አንባረቀው። ዳር ይዤ ቆምኩ። ሲያልፉን ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ፋዘር፣ መኝታ ቤት ነው እንዴ?" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መልሱን ያገኝ ነበር።

"በየማታው እኮ እቤት ትገባለህ" አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "መኪናው እዚያው ግቢ ነው። እኔ እዚያው ነኝ።"

"አዎ።"

"እኔ መቼ ስቄብህ አውቃለሁ?"

አሰብኩ። ዝም ብዬ አይደለም፤ የምጠቅሰው አንድ ቀን እየፈለግኩ ነው ያሰብኩት።

"አታውቂም" አልኩ።

ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች።

"አሁን ሞቷል ማለት ነው?"

"አልሞተም። ተጎድቷል። ባዶውን ይሄዳል። አጠና ጭኖ ይሄን ዳገት መውጣቱን እንጃ።"

"አዙረው" አለች። "ለሀጂ ደግሞ ራስህ ትነግራቸዋለህ። እኔ ፊት ነው የዋሸሃቸው፣ እኔ ፊት ትነግራቸዋለህ።"

ሀጂ አሁንም በርጩማው ላይ ናቸው። ወርጄ ፊታቸው ቆምኩ። ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ እንደ ተማሪ እጄን አጣምሬ፣ "ሀጂ፣ ሐሙስ ነው የበራው" አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉ። "አፍንጫዬ ገና ደህና ነው። ሦስተኛው ይዘገያል?"

"ይዘገያል፤ ሲይዝም ይነጥራል።"

"እንግዲህ ጭነቱን በግማሽ አድርገው። ሲዘገይ ነዳጅ አትርገጥበት፤ ጠብቀው። ወር ሲሆነው ዘይቱን እንደገና እንቀይርና እናያለን። ምን ያህል እንደሚሄድ አላህ ነው የሚያውቀው።"

እሷ እስከዚህ ድረስ ቆማ ሰማችና ገባች። ሀጂም ግድግዳውን ተደግፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ከመኪናው ሥር ተኝቼ ቱቦዎቹን አየሁ፤ አያፈሱም። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ አየሁ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረግኩ፣ የተጠረገውን መልሼ ጠረግኩ። የወጥ ሽታ ወደ ግቢው ይመጣል። ትጠራኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠራችኝም። ሲርበኝ ሳልጠራ ገባሁ።