ለልጄ የገዛሁት መላጫ

በዚያ ቀን እዚያ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆችን ቁርአን ሲያስቀሩ፣ ንባቡን ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት፤ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት የነበራት፣ አፏ የማያርፍ ሴት፤ በሩን የሚጠብቀው ዝምተኛ ሰውዬ፤ እና እያስጠራ የሚመረምረን ጠያቂ። ስም አልጠራም። አንዳንዶቹ እዚያው አገር ናቸው፤ ገበያ ላይ እንገናኛለን። ልጄ አልነበረም። ያን ቀን ከሁላችንም በላይ የተወራው ስለ እሱ ነው፤ እሱ ግን እዚያ አልነበረም።

ያሰሩን እህል ይከማችበት የነበረ ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሲያስገቡኝ ዓይኔ ምንም አላየም፤ አፍንጫዬ ግን የገብስ ብናኝና የነቀዝ መድኃኒት ለየ። ቆይቶ ግድግዳው ታየኝ። ከላይ ጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት፣ ከታች ጆንያ የተነጠፈበት ሲሚንቶ። እማማ ከጆንያቸው ግማሹን ለቀቁልኝ።

«ነይ ልጄ፤ ቢስሚላህ በይና አረፍ በይ» አሉኝ።

አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይተዋል። እኔም ቢስሚላህ ብዬ ተቀመጥኩ።

የተያዝኩት መካነ ሰላም ገበያ ውዬ ስወጣ ነው። ገበያ የወጣሁት መላጫ ልገዛ ነበር።

ልጄ ጢም ጀምሮት ነበር። ጢም ከተባለ ነው፤ ከአገጩ ሥር ጥቂት ጸጉር፣ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ጥላ የመሰለ ነገር። ጉንጩ እንደ መዳፌ ባዶ ነው። ይህችን ለመላጨት ምላጩን እንዲሁ በጣቶቹ ይዞ መስታወት ፊት ይቆማል። አንድ ቀን ከግራ መንጋጋው ሥር ቆረጠው፤ ደሙ አልቆም ብሎ የቡና ዱቄት ነስንሼ ያዝኩለት። ድኖ ጠባሳ ተወ። ቆይቼ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ምላጭ እንደሚላጩ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሰው ምላጭ ስለሚተላለፈው በሽታ ጤና ጣቢያ ያስተማሩንን አልረሳሁም።

ደጎሎ ሄዶ መኪና ላይ እህል ሊጭን የተነሳ ጠዋት አገጩን ያዝኩት።

«ስትመለስ የራስህ መላጫ ትጠብቅሃለች። እስከዚያ የሰው ምላጭ እንዳትነካ።»

«እማ፣ ተይ እንጂ፤ ሰው ያያል» ብሎ ፊቱን አዞረ።

እመለሳለሁ ባለበት ጊዜ አልተመለሰም። ስልኩ አይሠራም፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። እኔ ግን ቃል ገብቻለሁ። ድንገት ቢመጣ ባዶ እጄን እንዳያገኘኝ ብዬ ገበያ ወጣሁ።

ሻጩ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ባትሪ፣ ማበጠሪያና መስታወት የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ሦስት ዓይነት መላጫ አሳየኝ። አንደኛው ተላጭተውበት የሚጥሉት ላስቲክ ነው፤ ሲገዙት ርካሽ ይመስላል፣ ግን ዘወትር መግዛት ነው። ሁለተኛው እጀታውን ሲያዞሩት ከላይ እንደ በር ወዲያና ወዲህ የሚከፈት፣ የሚያብረቀርቅ ከባድ ብረት ነው፤ እሱ ለእኔ የሚቀመስ አልነበረም። ሦስተኛው ተራ ብረት ነው፤ ክዳኑ፣ ምላጩ የሚያርፍበት ሰሌዳና እጀታው ለየብቻ ይፈታሉ። አንዴ ከተገዛ ምላጩን ብቻ መቀየር ነው፤ ምላጭ ደግሞ የትም ሱቅ አይጠፋም። ከዚህኛውም ሁለት ዓይነት ነበረው።

«ጢሙ ጠንካራ ነው?» አለኝ።

«ገና ልጅ ነው። ጉንጩ ላይ ምንም የለውም። ቆዳውም ቶሎ ይቆጣል።»

«እንግዲያው ይሄኛውን ይተዉት፤ ምላጩን ብዙ ያወጣል፣ እጁ ላልለመደ አይሆንም። ይሄኛው ደበቅ ያደርገዋል።»

ምላጭ አስገብቶ አጠበቀልኝ። ወደ ፀሐይ አንስቼ ምላጩ በሁለቱም በኩል እኩል መውጣቱን አየሁ። አንዱ ወገን ተንጋዷል። ሌላ አምጣ አልኩት። የሁለተኛውን እጀታ ፈታሁት፣ አሰርኩት፣ እንደገና ፈታሁት።

«እትዬ፣ የሚገዙት መላጫ ነው ወይስ በሬ?»

«በሬ ቢሆን ጥርሱን አይቼ እሄድ ነበር። ይሄ የልጄ ጉሮሮ ላይ የሚሄድ ነው።»

ሳቀና አስተማረኝ። ፊቱን በሙቅ ውሃ ያርጥብ፤ ሳሙናውን በደንብ አረፋ ያድርገው፤ መላጫውን አይጫነው፣ በክብደቱ ብቻ ይሂድለት፤ ጸጉሩ ወደተኛበት ይላጭ እንጂ ሽቅብ አይላጭ። ለልጄ ስነግረው እንዳልረሳ ይህን በልቤ እየደጋገምኩ ስሄድ ነው፣ ገበያው መውጫ ላይ የታጠቁ ሰዎች የልጄን ስም ጠርተው «እናቱ አንቺ ነሽ?» ያሉኝ። ነኝ አልኩ።

ጥያቄው ያው አንድ ነበር፤ ልጅሽ የት ነው? ጫካ ገብቷል አሉ። ደጎሎ ለሥራ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም አልኩ። ዘንቢሌን ሲበረብሩ መላጫዋን አገኙ።

«የት እንዳለ ካላወቅሽ ይሄን ለማን ገዛሽ?»

«ሲመጣ እንዲላጭበት ነው።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እሱንማ ባውቅ ውሃ አሙቄ በጠበቅሁት።»

ጠያቂው መላጫዋን ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተታት። ከዚያ በኋላ በጠራኝ ቁጥር እያወጣ ያሳየኛል፤ ያንኑ ይጠይቀኛል፤ ያንኑ እመልሳለሁ። ትንሿ ልጄ ጎረቤት ቤት ነበረች። ማታ ማታ ማን ብርድ ልብስ እንደሚደርብላት አስባለሁ፤ ከእስሩ የባሰብኝ እሱ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፍቶ ቆመና ጠያቂው ራሱ ገባ። ሌላ ጊዜ ያስጠራናል እንጂ አይመጣም። ገና መላጨቱ ነው፤ ሽቶው የገብሱን ሽታ ሸፈነው። እጁ ላይ የእኔ መላጫ ነበረች።

«አይዞሽ» አለኝ። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። «ልጅሽ ሞቷል። ውጊያ ላይ ነው። ሬሳውን አይቻለሁ፤ እዚያው ተቀብሯል። እንግዲህ እርምሽን አውጪ። ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

መላጫዋን ጆንያው ላይ አኖራት። ምላጭ ገብቶባታል።

«ጸጉርሽን ተላጪበት።»

እኛ ዘንድ ልጇ የሞተባት እናት ጸጉሯን ትላጫለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትለብሳለች። እንዲህ ሆና መንገድ ላይ ያያት፣ የማያውቃትም ቢሆን፣ ልጅ እንደቀበረች ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ልጅሽን እዚህ ቦታ አየሁት ብሎ የሚመጣላት የለም። የሚፈልግላትም የለም።

እማማ «ኢና ሊላሂ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። የሻይ ቤቷ ሴት ሻሿን ፈትታ ደረቷን መታች። የእኔ እንባ ግን አልመጣም።

«እርስዎ ራስዎ አዩት?» አልኩ።

«በዓይኔ።»

«ፊቱ እንዴት ነበር?»

«ፊቱ የት ይታያል? ጢም በጢም ነው፤ ጉንጩን እንዳለ ሸፍኖታል። ጫካ ውስጥ ማን ይላጨዋል?»

ልጄ ከሄደ ሁለት ወር እንኳን አልሞላውም። ባዶ የነበረ ጉንጭ በዚህ ጊዜ አይሸፈንም። አባቱም እንዲሁ ነበር፤ ሁለት ልጅ ወልዶ እንኳ ጉንጩ አልሞላም። የሄደበት ጠዋት አገጩን ስይዘው ጣቶቼ የነካቸው ጸጉሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ሻጩ ሲጠይቀኝም አስቤ ነው የመለስኩት።

ስለዚህ ይህ ሰው ወይ የሌላ እናት ልጅ አይቷል፣ ወይም ምንም አላየም፤ አለቅስ እንደሆነ ሊያይ መጥቷል። ሁለቱንም አሰብኩ። አልቅሼ ብላጭ ዛሬ ከትንሿ ልጄ ጋር አድራለሁ፤ ነገር ግን ልጄ በሕይወት ሳለ እናቱ ቀበረችው ማለት ነው። ባላለቅስ ደግሞ ያለበትን ብታውቅ ነው ይለኛል፤ እዚሁ እቀራለሁ። የትንሿ ልጄ ፊት መጣብኝ። «ዛሬውኑ» ያላት ቃል አንጀቴ ውስጥ ገባች።

መላጫዋን አነሳኋት።

የሻይ ቤቷ ሴት ጸጉሬን ልትፈታልኝ ተጠጋች። ቆይ አልኳት። ክዳኑን ፈትቼ ምላጩን፣ እንዳይቆርጠኝ ተጠንቅቄ፣ አወጣሁና ለጠባቂው ሰጠሁት። ክዳኑን ስገለብጠው ከሥሩ ሳሙና ደርቋል፤ ሳሙናው ውስጥ ሽበት የገባበት ጸጉር አለ።

«ሰው ተላጭቶባታል» አልኩ።

ጠያቂው እጁን ወደ አገጩ ሰደደና መልሶ አወረደው።

ለቀኑ የሰጡኝ የመጠጥ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ አጠገቤ ነበር። ክዳኑን አጠብኩ፤ ሰሌዳውን አጠብኩ፤ የእጀታውን ጥርስ በጥፍሬ ፈተግኩት። ውሃው አለቀ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እያጠብኳት ነው። የልጄ ናት።»

«ሴትዮ፣ ሞቷል አልኩሽ እኮ!»

«እርስዎ ያዩት ጢማም ሰው ነው። እግዜር ነፍሱን ይማር፤ እናቱንም ያጽናት። የእኔ ልጅ ጉንጩ ላይ ጢም የለውም።»

«አሃ፣ ያለበትን ታውቂያለሽ ማለት ነው።»

«ያለበትን አላውቅም። የማውቀው ፊቱን ነው።»

«እዚሁ ትከርሚያታለሽ!»

«እከርማለሁ። ይህችን ግን ከዕቃዬ ጋር ያስቀምጡልኝ። ማንም አይላጭባት።»

ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ አደረቅኋት፤ ገጣጥሜ በዚያው ጨርቅ ጠቀለልኩና ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ጠያቂው ሳይቀበለኝ ወጣ። ጠባቂው ግን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ የሻይ ቤቷ ሴት ሻሿን እያሰረች «ምን ዓይነቱ ነው እናንተዬ! የሟቹን ጢም ሊነግረን መጥቶ የራሱን መላጫው ላይ ረስቶታል!» አለች። እማማ አፋቸውን በሻርፓቸው ይዘው ሳቁ፤ ትከሻቸው ሲርገፈገፍ ይታየኛል። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሳያልቅ እንባዬ መጣ፤ ያን ጊዜ ነው የመጣው።

«እማማ፣ ልቤ ፈርቷል» አልኳቸው። «ብሳሳትስ?»

«ልብሽማ ይፍራ፤ የእናት ልብ ሥራው ነው። እጅሽ ግን አልፈራም፣ አየሁት።» የውሃ ጠርሙሳቸውን ወደ እኔ ገፉት። «እንኪ፣ የአንቺን ለብረት አጠጥተሽዋል፤ ከእኔ ጠጪ።»

ጠያቂው እንዳለውም እዚያው አከረመኝ። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ተነሺ ተባልኩ፤ ለምን እንደታሰርኩም ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። በሩ ላይ ጠባቂው ዘንቢሌን ሰጠኝ። እጄን ሰድጄ ከሥር ፈለግኩ። ጨርቁ ነበረ። ቋጠሮው የእኔው ቋጠሮ ነው፤ ማንም አልፈታውም።

ትንሿ ልጄ አሁን ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። መላጫዋን እንዳትዝግ አልፎ አልፎ ዘይት አስነካታለሁ። ደጎሎ ሄጄ ጫኞቹን ጠይቄያለሁ፤ አንዱ ወደ አጅባር በሚሄድ መኪና ላይ ሲወጣ አየሁት አለኝ፤ አጅባር ስሄድ የሚያውቀው ጠፋ። ኩታበርም ደርሻለሁ። ዘመዶቼ እርምሽን አውጪ ይሉኛል፤ ለእኔ አዝነው ነው፣ አልቀየማቸውም። ጸጉሬ ግን እስከ ዛሬ ራሴ ላይ ነው። ነጠላዬንም አልዘቀዘቅሁም።

አሁን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ጊዜው ረዝሟል። በሕይወት ካለ ጉንጩ ሞልቶ ይሆናል፤ እኔ የማውቀው ፊት ተለውጦ ይሆናል። ስለዚህ ጢም የሌለው ልጅ አትፈልጉልኝ። ከግራ መንጋጋው ሥር የጣት ጥፍር የምታክል ጠባሳ አለችው፤ እዚያ ላይ ጸጉር አይበቅልም። ጢሙን ቢያሳድግም ያቺ ቦታ ባዶ ሆና ትታያለች። ቁመቱ ረዘም ይላል፤ ሰው ፊት ሲነኩት ፊቱን ያዞራል።

ያየው ሰው ካለ የት እንዳየው ይንገረኝ። መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ያቺ ሴት ሻይ ቤቷን መልሳ ከፍታለች፤ ለእሷ የተነገረ ይደርሰኛል።