ስፖንዳው እምቢ ያለ ዕለት

ነገሩ ከደረሰ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። እዚሁ ሆሳዕና፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የሆነው። እኔ በቦታው አልነበርኩም። ይሁን እንጂ ቆርቆሮ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ልቤ የሚደነግጠው ባልነበርኩበት በዚያ ቀን ምክንያት ነው። በወሬ ጀምሬው መጨረስ ስላቃተኝ በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ።

ሥራዬ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ መንዳት ነው። ከአንጋጫ ድንችና ጎመን ጭኜ ሆሳዕና አራግፋለሁ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ጃጁራ እወርዳለሁ። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ስመለስ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ተላተምኩና ስፖንዳው፣ ማለትም የጭነቱ የኋላ መዝጊያ፣ ጎበጠ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው መኪና እጀታውን ስበው የሚከፍቱት አልሆነም። በግራ በኩል ጥጉን በዳሌ መግፋት፣ እጀታውን እስከ ግማሽ ብቻ ማንሣት፣ ወዲያው በቀኝ በኩል ከላይ በቡጢ መደለቅ ነበር ዘዴው። ሦስቱም እኩል ካልሆኑ ንቅንቅ አይልም።

ይህን የሚችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ላፍርበት ሲገባ ኮራሁበት። ገበያ ላይ ተሸካሚዎቹ ሲታገሉ ቆሜ አያቸዋለሁ። አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይራገማል። በመጨረሻ «ዞር በሉ» እልና ጥርሴን በስንጥር እየጎረጎርኩ እመጣለሁ። ዳሌ፣ እጀታ፣ ቡጢ፤ ዷ! ይከፈታል። ያጨበጭቡልኛል። ከመጉበጡ በፊት ጃጁራ ላይ አንድ ጆንያ ድንች ከኋላ ተስቦ ተሰርቆብኝ ነበር፤ ከጎበጠ በኋላ ግን አንድም ነገር አልጠፋብኝም። «ቁልፉ እኔው ነኝ» እያልኩ እቀልድ ነበር።

ባለቤቴ አሠራው እያለች ወተወተችኝ። «አንድ ቀን ሰው ፊት ያዋርድሃል» ትለኛለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ዘዴዬን አለቅም አልኩ።

በዚያ ቅዳሜ የዘመድ ለቅሶ ደርሶብን ዱራሜ ሄድኩ። ከዘመዶች ጋር በሚኒባስ ስለሄድኩ መኪናዬን ደጅ አቁሜ ቁልፉን ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅዬው ነበር። እኛ ሰፈር የመኪና ቁልፍ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። የታመመ ሰው ካለ፣ ምጥ የመጣባት ካለች፣ መንዳት የሚችል ጎረቤት ገብቶ ከሚስማሩ ላይ ያነሣዋል። ማንም አያስፈቅድም። ቢያስፈቅዱኝ የምቀየመው እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት ሰፈርተኛው ደቦ ወጥቶ የአንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤታችንን ቤት ቆርቆሮ እያለበሰ ነበር። ጣራው ላይ ከወጡት አንዱ ዳንኤል ነው። ዳንኤል አናጺ ነው፤ ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር፣ ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው፣ ሲሠራ መዝሙር የማያቋርጥ ልጅ። እግሩ አዳለጠውና በጀርባው ወደቀ።

ሰዎቹ አልተደናበሩም። በመካከላቸው ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያ ነበሩ። «ወገቡን እንዳታጥፉት! እንዳለ አንሡት!» ብለው ጮኹ። ወፍራም ጣውላ አምጥተው ቀስ አድርገው ከሥሩ አስገቡና በገመድ አሰሩት። ጎረቤቴ ተስፋዬ ቁልፉን ከቤቴ አንሥቶ መኪናውን አመጣና ኋላውን ወደ ዳንኤል አዙሮ አቆመ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስፖንዳውን አውርዶ ጣውላውን እንደ መሳቢያ ማንሸራተት።

ስፖንዳው እምቢ አለ። ተስፋዬ ሳበ፤ ሌሎቹም ሳቡ፤ በድንጋይም ሞከሩት። በመጨረሻ ተስፋዬ ስልኩን አውጥቶ ደወለልኝ።

እኔ ድንኳን ውስጥ ነኝ። ሰባኪው ለሐዘንተኞቹ እየጸለየ ነው፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። የተስፋዬን ስም ሳይ ጎንበስ ብዬ አፌን በእጄ ሸፍኜ አነሣሁት።

«ጋሼ፣ ዳንኤል ከጣራ ወድቆ ሆስፒታል ልናደርሰው ነው። ስፖንዳው እምቢ አለን። እንዴት ነው የሚከፈተው?»

«በግራ በኩል…» ብዬ ጀመርኩ። ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ። በጸሎት መካከል ስለ ዳሌና ስለ ቡጢ ማስረዳት አሳፈረኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ ያንን ዘዴ ለሰው ማስተማር አልወድም ነበር። የወደቀውም እግሩ ተሰብሮ ይሆናል ብዬ ነው ያሰብኩት።

«ተወው፤ በጎን አንሥታችሁ አስገቡት። ምን አለበት?» አልኩና ዘጋሁት።

በኋላ ስልኬ ላይ አየሁት። የተነጋገርነው አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ዘዴውን ለመንገር ከዚያ በላይ አያስፈልገኝም ነበር።

ወደ ማታ ስመለስ ባለቤቴ የግቢውን በር ይዛ ቆማ አገኘኋት። ፊቷን አይቼ ሞተ ብዬ ነበር። አልሞተም። የሆነውን ነገረችኝ። ስድስት ሆነው ጣውላውን አነሡት። የመኪናው ጎን ደረታቸው ድረስ ስለሚመጣ ሁለቱ ከላይ ሊቀበሉ ወደ ውስጥ ዘለሉ። በዚህ መሀል ጣውላው አዘነበለ። ገመዱ ላላ፤ ዳንኤል ወደ እግሩ በኩል ተንሸራቶ ወገቡ ላይ ታጠፈ። በሃዲይኛ እናቱን ጠርቶ አንድ ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ።

«ከዚያ በፊት እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር» አለችኝ ባለቤቴ። «ጫማዬን አውልቁልኝ ሲል እኔ ነኝ ያወለቅኩለት። ጣቶቹን አይቻለሁ።»

እነዚያን ጣቶች ከዚያ ወዲህ ማንም ሲንቀሳቀሱ አላያቸውም። ወደ አዲስ አበባ ተላከ፣ ወራት ቆየ፣ በዊልቸር ተመለሰ። እዚህ መጀመሪያ ያከመውን ሐኪም የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጠብቄ ጠይቄዋለሁ። አከርካሪው የተጎዳው ሲወድቅ ነው ወይስ ሲታጠፍ? ሐኪሙ ትሑት ሰው ነበር። «ሲወድቅም ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላም ሊሆን ይችላል። አሁን ማወቅ አይቻልም» አለኝ። ከሁለቱ አንዱን ቆርጦ ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳንኤል በወደቀ በሦስተኛው ቀን መኪናዬን መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኩት። ሁሴን የሚባል የጎበጠ የመኪና አካል የሚያቃና ሰው አለ፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ምላሱ መርፌ። ስፖንዳውን አንድ ጊዜ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። የውስጥ ሽፋኑን በካቻቪቴ ፈታ። ከእጀታው ወደ ሁለቱ መቀርቀሪያዎች የሚሄድ ቀጭን ብረት አለ፤ እሱ ጎብጧል። አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስተኝቶ በመዶሻ ሦስት አራቴ መታው። አንድ የረገበ ብሎን አጠበቀ፤ ግራሶ ቀባ፤ መልሶ ገጠመ። ሻዩን አዝዤለት ነበር፤ ሻዩ ሳይደርስ ጨረሰ።

«በል ክፈተው» አለኝ።

ሳላስበው ዳሌዬን አስጠጋሁ። ሁሴን ሳቀብኝ። «ሰውዬ፣ በጣትህ ነው የሚከፈተው! ለዚች ነው እንዴ ስንት ዓመት ስትጨፍር የኖርከው?»

በአንድ ጣቴ ሳብኩት። ያለ ድምፅ ወረደ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሁሴን ቀልዱ ያስከፋኝ መስሎት «አፉ በለኝ ወንድሜ፣ አፉ በለኝ» እያለ ትከሻዬን ይዞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ማንም አይጠራኝም፤ ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ከፍተው ያራግፋሉ። አንዳንዴ አንዱ እየተጫወተ ስፖንዳውን በመዳፉ ይደልቀዋል። ያን ጊዜ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ላብ ያሰምጠኛል። ሰዎች ተሰብስበው ሲስቡ፣ ሲመቱ፣ ሲጣሩ ይታየኛል። ያላየሁትን ነገር እንዲህ አጥርቼ የማየው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዳንኤል ከአዲስ አበባ ሲመለስ ልጠይቀው ሄድኩ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ገና ስገባ እጄን ይዞ፣ «እግዚአብሔር ይስጥህ ጋሼ። መኪናህ ባትኖር ሞቼ ነበር» አለኝ፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። መሬት መሬቱን አየሁ። በስልክ ያልኩትን የሚያውቀው ተስፋዬ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስንወጣ ተስፋዬን ለብቻው ይዤ «ያቺን የስልክ ነገር ለማንም እንዳታነሣ» ብዬ ለመንኩት። ተስፋዬ ዓይኑን አሽሽቶ «እኔ ምን እናገራለሁ ጋሼ» ብሎ ሄደ።

ሌላ የማደርገው ስላጣሁ እሁድ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን አመላልሰው ጀመር። ስፖንዳውን አወርድና ሁለት ጣውላ አጋድሜ ዊልቸሩን እገፋለሁ። ጣውላዎቹን ለክቶ የቆረጣቸው ራሱ ነው፤ ተቀምጦም ቢሆን ሥራውን አልተወም። በየሳምንቱ ያመሰግነኛል። በየሳምንቱ ዛሬስ እነግረዋለሁ እላለሁ። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ፣ ፕሮግራሙ አልቆ ልንሄድ ስንል ዶፍ ወረደ። ሰው እየሮጠ ተበተነ። እኔና ዳንኤል ጣራው ሥር ቀረን። መኪናው ፊት ለፊታችን ስፖንዳው ወርዶ ቆሟል። ዳንኤል ትክ ብሎ አየውና «አሁን እኮ በቀላሉ ነው የሚወርደው» አለ። ነገር አልነበረበትም፤ እንዲያው አናጺ ስለሆነ የደንቡን ነው ያለው። እኔ ግን ወደ እሱ ዞርኩ።

«ዳንኤል፣ በዚያ ቀን ተስፋዬ ደውሎልኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«በጎን አስገቡት ያልኩት እኔ ነኝ። አከፋፈቱን መንገር እችል ነበር። ሰው ስላየኝ አፍሬ ነው የተውኩት። ተስፋዬ ገና መስመር ላይ እያለ ነው የዘጋሁት።»

ዝናቡ የረጨውን ጉልበቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ተስፋዬ አንተ የምትለውን እየሰማ በሁለት እጁ ሊከፍት ነበር። ስለዚህ ስልኩን ላውድ ስፒከር ላይ አድርጎ እኔ የተኛሁበት ጣውላ ላይ፣ እዚህ ጆሮዬ አጠገብ ነው ያስቀመጠው። ሁላችንም ሰምተናል።»

ሁላችንም። ተስፋዬ፣ ጣውላውን የያዙት፣ ቤቱ የሚሠራላት ሴት፣ ባለቤቴም ጭምር። ሦስት ዓመት ሙሉ በየዕድሩ፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው ከጎኔ እየተቀመጡ፣ እያጫወቱኝ፣ ቁልፌን ከሚስማር ላይ እያነሡ፣ ሁሉም ያውቁ ነበር።

«ታዲያ ለምንድነው የምታመሰግነኝ?» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። የደከመው ሰው ፊት ነበር።

«ጎረቤቴ ነህ። የምሄደውም በመኪናህ ነው። ሌላ ምን ልበልህ?»

ዝናቡ ሲያባራ ገፍቼ አስገባሁት። ቤቱ አድርሼው ወደ ቤቴ ነዳሁ።

ቤት ገብቼ ባለቤቴን ጠየቅኳት። የምትለቅመውን ምስር ትታ ቀና አለች። «አንተው እስክትናገር ነው የጠበቅነው» አለችኝ፤ መልሳ ወደ ምስሯ አቀረቀረች።

ተናገርኩ ብዬ ቀለለኝ ማለት አልችልም። ቀድሞ የምፈራው እንዳያውቁብኝ ነበር፤ አሁን የምፈራው የሰፈሩን ሰው ዝምታ ነው። ሰላም ሲሉኝ፣ ሲስቁልኝ፣ በልባቸው ምን እንደሚሉ አስባለሁ። ዳንኤልን አሁንም እሁድ እሁድ እወስደዋለሁ። ደጁ አድርሼው ስመለስ እጄን ይዞ «ተባረክ ጋሼ» ይለኛል። ለዚህ ቃል መልሱ «አሜን» እንደሆነ እኛ ዘንድ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ያ ዝናብ ከዘነበበት ቀን ወዲህ ግን አንድም ጊዜ ከአፌ ወጥቶልኝ አያውቅም።