የደጋሚዋ ጋውን

መርፌ ቅናቷን እንደ ሌላው ሰው በሆዷ አትይዝም። አንዲት ደንበኛ ልጇን አስከትላ የምረቃ ሱሪውን ልታሳጥር ከመጣች፣ መርፌ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ «በምንድን ነው የሚመረቀው?» ትላለች። «በሒሳብ አያያዝ» ካሏት «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ!» ትልና፣ እናትና ልጅ በሩን ዘግተው እንደወጡ ወደ እኔ ዞራ «ፊቱ ላይ እንኳን ሒሳብ፣ ቁጥርም አይታይ» ትላለች።

እኔ ተኳሽ ነኝ፤ የካውያ እንጂ የጠመንጃ አይደለሁም። እሷ ሰፊ ናት። የምንሠራበት ክፍል አንድ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ሁለት የስፌት መኪና፣ ከኋላ የእኔ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሰው የሚለካበት መጋረጃና ጫፉ የተሸረፈ ረጅም መስታወት አለ። እዚያ ውስጥ ሆነሽ የሰው ምሥጢር አልሰማም ብትይ ጆሮሽን መድፈን አለብሽ። መርፌ የሚል ስም ያወጣንላትም ስለቀጠነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል።

ወደዚህ አገር የመጣችው አምና ነው፣ አንድ ልጇን ይዛ። ባሏ ልጁ አፉን ሳይፈታ ነው የሞተባት። ቀን የሰው ልብስ እየሰፋች፣ ማታ የልጁን ደብተር እያገላበጠች አሳደገችው። ልጁም አላሳፈራትም፤ ከአንደኛ ክፍል እስከ አስራ ሁለተኛ አንደኛ እንጂ ሁለተኛ ወጥቶ አያውቅም። ስሙን ትታ «አንደኛ» ነው የምትለው። «አንደኛ በልቶ ይሆን?» «አንደኛ አልደወለም?» መጀመሪያ ሰሞን ደሜን ታፈላው ነበር። የእኔ ልጅ ቢኖር ምናልባት አርባኛ ይወጣ ነበር፤ ልጅ የለኝምና እንዲህ እያልኩ እጽናናለሁ።

ታናሽ እህቷ ቀድማት ነው የገባችው፣ እዚህ መኖር ከጀመረች አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። እሷም አንዲት ልጅ አለቻት፤ ከአንደኛ ጋር እኩያ ናት። ልጅቷ እንደመጣች ቋንቋው አልገባ ብሏት ስምንተኛ ክፍልን ደገመች። መርፌ ይቺን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳቻትም። የእህቷን ልጅ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «ደጋሚዋ» ናት።

እህትየዋ ደክማ ደክማ ለእነመርፌም የመግቢያ ወረቀት አስጨረሰችላቸው። አንደኛ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። መርፌ ግን አልመጣችም። «አስራ ሁለተኛን አገሩ ላይ ይጨርስ። አንደኛነቱን ይዞ ይውጣና ዩኒቨርሲቲውን ሰተት ብሎ ይገባል» አለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስትል ከረመች። እውነትም እንቁላሉ በእግሩ ሄደ፤ ሲደርስ ግን በሩ ተዘግቷል።

እንደመጡ ውጤቱን ይዘው ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሴት ነጥቡን አይታ የሥራ ባልደረባዋን ጠርታ አሳየች አሉ። መርፌ ያንን ስትነግረኝ ዛሬም አንገቷ ይረዝማል። ከዚያ ሴትየዋ «መቼ ነው የገባችሁት?» ብላ ጠየቀች። «ባለፈው ወር» አለች መርፌ፣ የሚያስመሰግን ነገር መስሏት። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሦስት ዓመት እዚህ የኖረ የነዋሪ ክፍያ ይከፍላል፤ ያልኖረ እንደ ውጭ አገር ተማሪ ነው የሚቆጠረው። ወረቀታችሁ ሙሉ ነው፣ እናትየዋ ሥራ ይዛለች፣ ቤት ተከራይታችኋል፤ ያ ሁሉ ለዚህ አይቆጠርም። ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። የአንድ ዓመቱ ክፍያ የመርፌን የሁለት ዓመት ደመወዝ ይበላል፣ ትምህርቱ ደግሞ አምስት ዓመት። «ይሄ በስፌት ቀርቶ በዘረፋም አይሞላ» አለችኝ።

አንደኛም ሦስቱ ዓመት እስኪሞላ የሱፐርማርኬት መጋዘን ውስጥ ሳጥን ተሸካሚ ሆነ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። ያልቻለችው ደጋሚዋ ዘንድሮ ፋርማሲ ልትማር መግባቷን ነው፣ ያውም በነዋሪ ክፍያ። ወሬውን የሰማች ዕለት መቀሱ ጨርቁ ላይ ይጮህ ነበር።

«ስምንተኛን ሁለት ጊዜ! ሁለት ጊዜ የተማረችው ልጅ መድኃኒት ልትቀምም፣ የእኔው ልጅ ሳጥን ሊሸከም! ነገ ራሴን ቢያመኝ የእሷን ክኒን ልውጥ? እዚያው ይፈንዳ!»

«ልጅቷ ምን አደረገችሽ?» አልኳት።

«ቀደመችኝ። ከዚህ በላይ ምን ታድርገኝ?»

እህቷን ግን በሌላ ነገር ነው የያዘችባት። «ሕጉን ታውቀው ነበር» ትላለች። «የሦስት ዓመቱን ነገር እያወቀች ዋጥ አደረገችው፣ የእኔ ልጅ የእሷን እንዳይበልጥባት። ሰው ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል፤ እኔን መች አሳጣኝ፣ ከእናቴ ሆድ አውጥቶ ሰጠኝ እንጂ!» ይህንን ለደንበኛ ትናገራለች፣ ለእኔ ትናገራለች፣ ለልጁም ነገረችው። እሱም አመነ፤ እናቱን ያላመነ ማንን ሊያምን? ከዚያ ወዲህ የአክስቱን ደጃፍ አልረገጠም። መንገድ ላይ ሲያያት ስልኩን የሚነካካ መስሎ ያልፋታል። እኔም ብሆን አምኜ፣ ያቺን ሴት በሩቅ ጠምጄአት ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያቺው እህት ራሷ ሱቃችን መጣች። የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ነጭ የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ከፌስታል ውስጥ አዲስ ነጭ ጋውን አወጣች።

«እትዬ፣ እባክሽ ይህቺን አሳጥሪልኝ። ሰኞ ላቦራቶሪ ይጀምራሉ። ትንሹ ቁጥር ይሄ ነው አሉን፣ እሱም እጇን ዋጠው።»

መርፌ ጋውኑን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው። «የጋውኑ ባለቤትስ? ለመለካት እንኳ አልተመቻትም?»

«ሥራ ላይ ናት፤ እስከ እሁድ ሱቃችሁ ሳይዘጋ አትወጣም። በአንደኛ ለኪው። ቁመታቸውም ትከሻቸውም አንድ ነው።»

እውነቷን ነው፤ ልጁ በትምህርት እንጂ በቁመት አንደኛ አይደለም። መርፌ ግን ዓይኗ ደም ለበሰ። የእህቷን ልጅ ጋውን በገዛ ልጇ ላይ ልትለካ!

እህትየዋ ቶሎ አልወጣችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ እስካሁን አልነገርሽውም?» አለች።

«መቼ ነው የምትፈልጊው?» አለች መርፌ።

«እስከ እሁድ።»

«እሺ፣ ሂጂ።»

ሴትየዋ እኔን ቀና ብላ አየችኝ፤ ሰላምታ ሳልሰጣት ካውያዬን አነሳሁ። «አንደኛን ሰላም በይልኝ» ብላ ወጣች። ምኑን ነው ያልነገረችው ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፤ የመርፌን ፊት ሳይ ተውኩት።

አንደኛ ዓርብ ዓርብ ከሥራ ሲወጣ እናቱን ሊወስድ ይመጣል፣ የሳምንቱን አስቤዛ ተሸክሞላት ይሄዳሉ። ያን ዕለትም መጣ፤ ጣቶቹ በካርቶን ተቧጭረዋል።

«የማን ነው?» አለ ጋውኑን አይቶ።

«የደጋሚዋ። ና ልበሰው፣ ልለካብህ።»

እንቢ የሚል መስሎኝ ነበር። ዝም ብሎ በመጋዘን ልብሱ ላይ ደረበውና መስታወቱ ፊት ቆመ። መርፌ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ተንበረከከች። ልጁ ማንም ሳያዘው ቁልፎቹን እስከ ላይ ቆለፋቸው፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ቀጥ አለ። ሳጥን ሲሸከም የጎበጠው ትከሻ ቀና አለ። እናቱ ጠርዙን እንደያዘች ቀና ብላ መስታወቱ ውስጥ አየችው፤ እጇ ቆመ። አምሮበታል፤ በጣም አምሮበታል። ይህንን ልጅ ያልወለድኩት እኔ፣ መርፌ ላይ ቀናሁባት።

«እማ» አለ ከመስታወቱ ዓይኑን ሳይነቅል፣ «አንዱን እጅጌ አሳጥሪባት።»

«ምን?»

«ሁለት ጣት ያህል። ሰኞ ሰው ፊት ስትቆም ታየዋለች። አክስቴ እያወቀች ጉድ አልሠራችንም? እኛም እንሥራት።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። መርፌም ትስቃለች ብዬ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ከዚህ የባሰ ተናግራለች። እሷ ግን ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው። ልጇን እንደዚያ ስታየው አይቻት አላውቅም። ፊቱ ላይ የራሷን ፊት ያየች ይመስለኛል።

«ነግራኝ ነበር» አለች።

«ማን?»

«አክስትህ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለህ ደወለችልኝ። አንዴም አይደለም። ‹እትዬ፣ አሁኑኑ አምጪው፣ ሦስት ዓመት ካልሞላው እንደ ባዕድ ነው የሚያስከፍሉት› አለችኝ። እያለቀሰች ለመነችኝ።»

ካውያዬን የሰው ሱሪ ላይ ረስቼው ኖሮ ሲሸተኝ ነው ያነሳሁት።

«ታዲያ ለምን አልመጣንም?» አለ ልጁ። ድምፁ የልጅ ሆነ።

«ልጇ ስምንተኛን የደገመችበት ዓመት ነበር። አንተ አንደኛ ወጥተሃል። የእሷ ስትወድቅ የእኔንም አምጥታ ልትጥለው ነው አልኩ። የቀናችብኝ መሰለኝ።»

አሁን ይጮህባታል ብዬ ጠበቅኩ። ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ስለ ሳጥኑ፣ ስለባከነው ዕድሜው ቢጮህባት እሷም የምትመልሰው አታጣም ነበር። ልጁ ግን ስለዚያ አንድም ቃል አልተናገረም።

«ዓመት ሙሉ እኮ ሰላም አላልኳትም» አለ። «ባለፈው አውቶብስ ውስጥ ከጎኔ ልትቀመጥ ስትመጣ ተነስቼ ሄድኩ። አንቺ ነሽ ያስነሳሽኝ።»

መርፌ ስፒሎቹን ከመሬት አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። እኔም ያቺን ሴት ሰላምታ መንሣቴ ትዝ ብሎኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ልጁ ስፒሎቹ እንዳይወጉት እየተጠነቀቀ ጋውኑን አወለቀና ለእናቱ ሰጣት። «ጨርሺው፣ እኔ አደርሰዋለሁ» ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እዚያው ሰፋችው። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቃ ስትሰፋ አላየኋትም፤ ሁለቱን እጅጌ አጋጥማ ደጋግማ ለካቻቸው። እኔ ተኩሼ አጠፍኩት። ልጁ በፌስታሉ ይዞት ወጣ።

«ለራት ትደርሳለህ አይደል?» አለችው ከኋላው። በሩ ተዘግቷል።

አስቤዛውን የሚሸከምላት ስለጠፋ አብሬያት ገበያ ሄድኩ። ዕቃችንን ይዘን አውቶብስ ስንጠብቅ ስልኳ ጠራ። እጇ ሙሉ ስለነበር እኔ አንስቼ በድምፅ ማጉያ ከፈትኩላት። ከወዲያ የሳህን ድምፅና የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ልጅቷ ከሩቅ «አክስቴ፣ ልክክ ብሏል! ስወድሽ!» ብላ ጮኸች። እህትየዋ አንድ ቀልድ ጣል አደረገች፣ አንደኛም ከት ብሎ ሳቀ።

«እማ፣ አንቺ ራትሽን ብዪ። አክስቴ እደር ስላለችኝ እዚሁ አድራለሁ።»

«እሺ አንደኛዬ። በላህ?»

«እየበላን ነው።»

ስልኩን ዘጋሁላት። አውቶብሱ መጣ፣ ሰው ተሳፈረ፣ እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሲስቅ ሰማሽው?» አለችኝ።

«ሰማሁት።»

«ከመጣን ወዲህ እኔ ቤት ስቆ አያውቅም» አለች መርፌ፤ በእህቷ ብትቀናም አሁን የምትወቅሰው ራሷን እንደሆነ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ከረጢቱን ከእጇ ተቀበልኳትና ቀጣዩን አውቶብስ ጠበቅን።